ሰይፍ የያዘ ሰው ሳይመታ አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋልን?

በደለኛ በተያዘ ጊዜ ሊቀጣ እንዲገባው የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው፤ ሰይፍ ለሹም የተሰጠው ለጌጥ አይደለምና። ዳሩ ግን ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱንም ብዙ ሰዎች ሳይመረምሩ ያልፉታል። ይኸውም፥ ሹም ሊመታው ያሰበውን ሰው አስቀድሞ በፊቱ አቁሞ፥ «አውቄሃለሁ፤ በዚህ ክፉ ሥራ ብትጸና እንዲህ ያለ ቅጣት ያገኝሃል፤ ብትተወው ግን እኔው ራሴ እጅህን ይዤ አነሣሃለሁ» ብሎ ሊነግረው ይገባዋልን? ወይስ ዝም ብሎ አድፍጦ በሥራው ላይ ሳለ ሊይዘው ይሻላል? የሚለው ነው።

ለመጀመሪያው አሳብ የሚቆም ሰው ምሕረትን ይጠራል፤ ለሁለተኛው የሚቆም ደግሞ ሕግን ይጠራል። ይህም ሁለተኛው፥ «ሕግ ከታወጀ ቈይቷል፤ መግደል ክፉ እንደ ሆነ ያልሰማ የለም። እንግዲህ ነጋሪት ለተመታለት ሰው ሁለተኛ መልእክተኛ ስለ ምን ይላክለታል? ወንበዴን በቀጠሮ ማነጋገር የሹምን ክብር ማዋረድ ነው» ይላል። እኔም ቀድሞ የዚህ ወገን ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝ የመጻሕፍት ክርክር አይደለም፤ በአሜሪካ አገር፥ ማሳቹሴትስ በምትባለው ግዛት፥ የቦስተን ከተማ ሹማምንትና ሰባክያን ያደረጉት ነገር ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለአንባቢ አስቀድሜ እነግራለሁ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ እንመረምራለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ክራክ የሚባል፥ ከኮካይን የሚሠራና በጢስ የሚሳብ ዕፅ ወደ ቦስተን ገባ። በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ በርካሽ ይሸጥ ነበርና ሻጩ ልጅ፥ ገዢውም ድኻ ሆነ። ገንዘብ የሚገኝበት የመንገድ ማዕዘን ጠባቂ ፈለገ፤ ጠባቂውም ሽጉጥ ፈለገ። በሮክስበሪ፥ በዶርቸስተርና በማታፓን ሰፈሮች ጐረምሶች በየመንገዳቸው ስም እየተጠሩ ጭፍራ ጭፍራ ሆኑ። ባላንጣቸውም ከባሕር ማዶ የመጣ ጠላት ሳይሆን ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር፥ ምናልባትም በአንድ ክፍል አብሮ የተማረ ልጅ ነበር። በ1987 በከተማይቱ ከተገደሉት መካከል ዕድሜያቸው ከ24 ዓመት ያላለፈ 22 ነበሩ፤ በ1990 ግን የእነዚህ ቍጥር 73 ደረሰ። በዚያው ዓመት የተገደለው ሰው በጠቅላላው 152 ነበር።

ፖሊሶችም በጭንቀት ጊዜ ፈጥኖ የሚገኘውን መድኀኒት ያዙ፤ በጥቁሮች ሰፈር ያገኙትን ጐልማሳ እያቆሙ መፈተሽ ጀመሩ። ይህም ምን ፍሬ እንዳፈራ በ1989 በኦክቶበር ወር ታየ። አንድ ነጭ ሰው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ራሱ ገድሎ ሲያበቃ፥ ገዳይዋ ጥቁር ሰው ነው ብሎ ለፖሊስ ተናገረ። ሹማምንቱም አመኑት፤ ሚሽን ሂል የሚባለውን ሰፈር በፍተሻ አጥለቀለቁት፤ ንጹሓን ሰዎችም ተጠረጠሩ። በ1990 በጃንዩዌሪ ወር የገዛ ወንድሙ ምስጢሩን ባወጣበት ጊዜ ሰውዬው ከድልድይ ላይ ተወርውሮ ሞተ። የከተማይቱ ከንቲባ በሐሰት ለተጠረጠሩት ሁለት ሰዎች በአደባባይ ይቅርታ የጠየቁት በ2023 በዲሴምበር ወር፥ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። የአንድ ሐሰተኛ ምስክር ቃል ሰፈሩን ሁሉ ወደ ግድግዳ ሲያስጠጋ ያየ ልጅ፥ ሹም እውነት በተናገረ ጊዜ የሚሰማበትን ጆሮ ከወዴት ያመጣል?

ሌላም አለ። በ1994 ፖሊሶች ዕፅና መሣሪያ እንፈልጋለን ብለው በዶርቸስተር የአንድን ቤት በር ሰብረው ገቡ። በሩ ግን የፈለጉት አልነበረም። በውስጡ ያገኙት ከሥራቸው ያረፉ የ75 ዓመት ሽማግሌ፥ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። እጃቸው እንደ ታሰረ በድንጋጤ ልባቸው ቆመና ሞቱ። አድፍጦ መምታት ይሻላል ለሚል ሰው ይህን ነገር አቀርብለታለሁ። አድፍጦ የሚመታ እጅ አንዳንድ ጊዜ የማንን በር እንደ ሰበረ የሚያውቀው ከሰበረ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሊናገር የሚወድ ሹም ግን የሚናገረውን ሰው በስሙና በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ማስጠንቀቅ ከምሕረት በፊት ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ይህን ነገር ቀድሞ አላስተዋልሁትም ነበር።

ሰባክያኑን ከመንበራቸው ያስነሣቸው ግን ሌላ ክፉ ቀን ነው። በ1992 በሜይ ወር ሞርኒንግ ስታር በተባለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በጥይት የተገደለ የአንድ ወጣት የቀብር ጸሎት ሲደረግ፥ የጠላት ጭፍራ ጐረምሶች እስከ ውስጥ ገብተው ከለቀስተኞቹ አንዱን በሕዝቡ ፊት ወጉት። ቤተ መቅደስ ለሸሸ ሰው መማፀኛ መሆኑ በቀረበት ቀን፥ በውስጡ የሚያገለግል ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ በሩን ማጥበቅ፥ ወይ ከበሩ መውጣት። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ወጡ። ዩጂን ሪቨርስ፥ ጄፍሪ ብራውንና ሬይ ሃመንድ ከሌሎች ጋር ሆነው «የዐሥሩ ነጥብ ኅብረት» የሚባለውን ማኅበር አቆሙ፤ በሌሊትም በእግራቸው እየዞሩ ከጐረምሶቹ ጋር ይነጋገሩ ጀመር። አንድ ዕፅ ሻጭ ከእነርሱ አንዱን፥ ልጁ ወደ ሱቅ ሲላክ እኔ በመንገድ ላይ አለሁ፥ እናንተ ግን የላችሁም፤ ስለዚህ እኔ አሸንፋለሁ ብሎታል እየተባለ ይነገራል። እኔ ከሊቃውንት አፍ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አጥንት የሚሰብር ግን ጥቂት ነው። በዚያው በ1992 ደግሞ በገደብ የተለቀቁትን የሚቈጣጠሩ የፍርድ ቤት ሹማምንት ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ከፖሊሶች ጋር በሌሊት የየወጣቱን ቤት ማንኳኳት ጀመሩ። ሹሙም ሰባኪውም እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ልጆቹ ወዳሉበት ሄደ።

በ1995 ዴቪድ ኬኔዲ፥ አንቶኒ ብራጋና አን ፒል የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቀምጠው፥ ማን ማንን ስለ ምን እንደ ገደለ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከ1990 እስከ 1994 በሽጉጥ ወይም በስለት የተገደሉ፥ ዕድሜያቸው ከ21 ያላለፈ 155 ወጣቶችን መዝገብ መረመሩ። ከሟቾቹ ከመቶ 75 ያህሉ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ በወንጀል ተከሰው ፍርድ ቤት የቀረቡ ነበሩ፤ ከታወቁት 125 ገዳዮችም ከመቶ 77 ያህሉ እንደዚሁ። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ገዳይና ሟች የተጻፉት በአንድ መዝገብ ነው። በከተማይቱ የነበሩት ጭፍሮች 61፥ አባሎቻቸውም ወደ 1,300 ይሆኑ ነበር፤ ይህም በዕድሜ ከሚመስሏቸው የከተማይቱ ልጆች ከመቶ አንዱ ያህል ነው። ነገር ግን ከወጣቶቹ ግድያ ከመቶ 60 የማያንሰው ከእነርሱ የመጣ ነበር። የሚገድሉትም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕፅ ገበያ አልነበረም፤ ስለ ደም መመለስ ነበር። ወንድሜን ገድሎብኛል፥ ባልንጀራዬን አቍስሎብኛል፥ በፊቴ ሰድቦኛል የሚል አሮጌ ቂም በአዲስ ሽጉጥ ይወራረድ ነበር። ብዙዎቹም መሣሪያ የሚይዙት ከድፍረት ሳይሆን ከፍርሃት እንደ ሆነ ተገለጠ፤ ያኛው ይዟልና እኔም ልያዝ እያሉ።

ይህን ለመረዳት ሃርቫርድ መማር አላስፈለገኝም። በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ ቁራሽ ልንለምን ወደ መንደር ስንወጣ ሁላችን ዱላ እንይዝ ነበር። ዱላው ለውሻ ነበር። ከወንዝ ማዶ ካለው ጉባኤ ተማሮች ጋር በአንድ መንደር በተገናኘን ጊዜ ግን ያ ለውሻ የተያዘ ዱላ በሰው ራስ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ወዲያ እነርሱ ረዘም ያለ ዱላ ያዙ፤ እኛም ከዚያ የረዘመ ቈረጥን። በየቀኑም ስለ እነርሱ ዱላ እናወራ ነበር። ውሾቹን ማንም አላሰባቸውም።

ወደ ቦስተን እንመለስ። በ1996 በሜይ ወር የአንድ ጭፍራ አባላት በዶርቸስተር ፍርድ ቤት ተሰበሰቡ፤ በገደብ የተለቀቁት በግዴታ፥ ሌሎቹ በጥሪ መጡ። በፊታቸው ፖሊሶች፥ የግዛቱና የፌዴራሉ መንግሥት ዐቃብያነ ሕግ፥ በመንገድ ላይ ከወጣቶች ጋር የሚሠሩ የከተማው ሰዎችና ሰባክያን ነበሩ። የተነገራቸው ቃል በአጭሩ ይህ ነው። ማን እንደ ሆናችሁ እናውቃለን። ግድያው ሊቆም ይገባዋል። ከጭፍራችሁ አንዱ ቢተኩስ የምንመጣው ወደ ተኳሹ ብቻ አይደለም፤ ሁላችሁንም እየራሳችሁ ባለባችሁ ጥፋት ሁሉ እንከታተላችኋለን፤ በመንገድ ዕፅ የሚሸጠውን፥ የቈየ የመያዣ ትእዛዝ ያለበትን፥ ገደቡን ያፈረሰውን ሁሉ። ነገር ግን ሥራ፥ ትምህርት፥ ከጠላት መሸሸጊያ የሚፈልግ ቢኖር የሚረዱት ሰዎች እነሆ እዚሁ ተቀምጠዋል። የሥራውም ስም ተኩስ ማቆም ተባለ።

የአንድ ሰው ሥዕል ያለበት ወረቀትም ታያቸው። ሰውዬው በዐመፅ ሥራ ረጅም መዝገብ የነበረው ነው፤ በተያዘም ጊዜ የተገኘበት አንዲት ጥይት ብቻ ነበረች፤ ሽጉጥ እንኳ አልያዘም። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ በከባድ ወንጀል ሦስት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ወይም ጥይት ይዞ ቢገኝ ከ15 ዓመት ያነሰ እንዳይፈረድበት ያዝዛል፤ ስለዚህ 19 ዓመት ከ7 ወር ተፈረደበት፤ አመክሮም የለበትም። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ቃሉን ያልሰማ አንድ ሌላ ጭፍራ፥ በኢንተርቬል መንገድ ስም የሚጠራው፥ ብዙ አባሎቹ በዕፅ ንግድ ተይዘው ተበተነ። ሌሎቹም ይህን ሰሙ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚገደሉት ወጣቶች ቍጥር ከመቶ 63 ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎቹ ጻፉ። በ1991 እና በ1995 መካከል ዕድሜያቸው ከ24 ዓመት ሳያልፍ የሚገደሉት በየዓመቱ በአማካይ 44 ነበሩ፤ በ1997 ግን 15 ሆኑ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንግባ። ሕግ ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው ያለው ሰው ምን ይመለስለታል? ሕግ ለሁሉ እኩል ይናገራል፤ ይህ ክብሩ ነው። ነገር ግን ለሁሉ እኩል የሚናገር ለማንም በስሙ አይናገርም። እነዚያ ጐረምሶች ብዙ ጊዜ ተከሰው፥ ብዙ ጊዜ ተለቀዋል። ሕግ እንዲህ አደርግሃለሁ እያለ ሳያደርግ ሲቀር ደጋግመው አይተዋል። በድንገት ደግሞ አንዱ ላይ ብቻ፥ ለምን እርሱን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፥ እንደ መብረቅ ሲወርድ አይተዋል። ብዙ ዝቶ ጥቂት የሚፈጽም ሕግ በሰሚው ዘንድ ሐሰተኛ ነው፤ ሐሰተኛን ደግሞ የሚፈራ የለም፤ እንደ ዝናምና እንደ በረዶ ዕድል ነው ብለው ያልፉታል እንጂ። በፍርድ ቤቱ የተደረገው ነገር አዲስ ሕግ ማውጣት አይደለም፤ አሮጌውን ሕግ ከሐሰት ማውጣት ነው። ጥቂት ነገር ተናግሮ የተናገሩትን ሁሉ መፈጸም።

በዚህ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ተሸሽጓል፤ ልለፈው አልወድም። ሹማምንቱ ግድያን ቢያስቀድሙ ዕፅ መሸጥን ወደ ኋላ አስቀሩት ማለት ነው። ካልገደላችሁ በሌላው እንታገሣችኋለን እንደ ማለት አይደለምን? እነርሱ ሌላው ጥፋት ተፈቅዷል አላሉም፤ ነገር ግን ጐረምሳው የሰማው ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። እኔ ይህን ለብዙ ቀን አሰብሁበት። በመጨረሻ ያገኘሁት፥ የሹም እጅ ሁለት ብቻ እንደ ሆነና ሁሉን እይዛለሁ የሚል ሹም የሚዋሽ መሆኑን ነው። ቤቱ በተቃጠለበት ሌሊት ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ልጁን ነው፤ ዕቃው ቢቃጠል አይገደኝም ማለቱ ግን አይደለም። ሆኖም ልጁን ካወጣ በኋላ ወደ ዕቃው መመለሱን የረሳ እንደ ሆነ ሰበቡ ያበቃል።

ለተረሳው ለዚህ ነገር ሃይ ፖይንት የምትባል በሰሜን ካሮላይና ግዛት ያለች ከተማ በ2004 መልስ ሰጠች። በዚያ በዌስት ኤንድ ሰፈር ዕፅ በግልጥ በመንገድ ይሸጥ ነበር። ፖሊሶች በእያንዳንዱ ሻጭ ላይ ማስረጃ ሰብስበው ሲያበቁ፥ ዐመፀኞቹን ያዙ፤ የቀሩትን ግን ከቤተ ዘመድ ጋር ጠሩአቸው። ማስረጃቸውን አሳዩአቸው፤ የመያዣው ትእዛዝ ተዘጋጅቶ ያልተፈረመበት መሆኑንም ነገሩአቸው። የሰፈሩም ሽማግሎች፥ እንወዳችኋለን፥ ይህን ግን አንሻም አሉ። የመንገዱ ገበያ ተዘጋ። ያ ባዶ የፊርማ ቦታ እጅግ ይገርመኛል። ቅጣቱ ሙሉ ነው፤ ጊዜው ግን ለበደለኛው ተሰጠ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፥ ወደዚያች አንዲት ጥይት ደርሰናል። ሰውዬው ክፉ ነበረ እንበል። ስለ አንዲት ጥይት ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው እስራት ግን ከጥይቲቱ ጋር አይመዛዘንም። ሕጉ የቀድሞ ጥፋቱን ይመዝናል ቢባል፥ ስለ ቀድሞው ጥፋት ቀድሞ ተቀጥቶበት የለምን? ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚወጋው፥ እርሱ በተያዘ ጊዜ እንዲህ ያለው ጉባኤ ገና ያልተጀመረ መሆኑ ነው። ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ የሆነው እርሱ፥ ራሱ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልሰማም። ሌሎቹ የዳኑበት ፊደል እርሱ ሆነ። ብዙ ወጣቶች በሕይወት ከቀሩ ይህ ይገባል የሚል ሰው አለ፤ ቍጥሩን አልክድም። ነገር ግን ሰውን ለሌላ ሰው መማሪያ ምልክት ማድረግ፥ ምንም ጠቃሚ ቢሆን፥ ከፍትሕ ወገን አይቈጠርም፤ ከግድ ወገን ነው እንጂ። ያንን ወረቀት ያሳየው ሹም በደስታ ሳይሆን እያዘነ ሊያሳየው ይገባ ነበር እላለሁ።

ስለ አንዱ ጥፋት ጭፍራውን ሁሉ መከታተልስ? በዚህስ ከመጀመሪያው ይልቅ ልቤ ያርፋል። እያንዳንዱ የተያዘው በራሱ ጥፋት እንጂ በባልንጀራው አይደለም፤ ሹም ያነሣው ትዕግሥቱን ነው። ይህም በጭፍራው ውስጥ አዲስ ነገር ወለደ፤ ቀድሞ «ለምን አልተኰስህም» ይባል የነበረው ልጅ፥ አሁን «በእኛ ላይ ታመጣብናለህ» ተባለ። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር በመንገድ ዳር ከመቆም በቀር ሌላ በደል የሌለበት ልጅም አለ፤ በፍተሻው ጊዜ የእርሱም ኪስ ይገለበጣል። ስሙ በፖሊስ መዝገብ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ማን ይፍቅለታል? ይህ ጥያቄ መልስ የሚያሻው ነው፤ እኔ ግን የሚያረካ መልስ አላየሁም።

የነቢዩ ዮናስ ነገር ሁልጊዜ ወደ ልቤ ይመጣል። ዮናስ ያዘነው ነነዌ ስላልሰማችው አልነበረም፤ ስለ ሰማችው ነው። ከተማይቱ ትጠፋለች ብሎ ተናገረ፤ ሰዎቹ ተመለሱ፤ ከተማይቱም ሳትጠፋ ቀረች፤ እርሱም ቃሌ ሐሰት ሆነ ብሎ ከቅሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ተቈጣ። የሚያስጠነቅቅ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። ፖሊስ የሚሾመውና የሚሸለመው በያዘው ሰው ቍጥር ነው፤ በመልካም ያስጠነቀቀ ግን የሚይዘው ያጣል። ሥራው የሠመረለት ሌሊት ምንም ያልሆነበት ሌሊት ነው። ምንም ያልሆነበትን ሌሊት ማን በመዝገብ ይጽፈዋል? ዛቻው ሳይፈጸም በመቅረቱ ደስ የሚለው ሹም ማግኘት፥ ደፋር ሹም ከማግኘት ይልቅ ይከብዳል ብዬ እፈራለሁ። የማስጠንቀቅ እውነተኛ ፈተናውም ይህ ነው። እንዲሰማ የሚወድ ያስጠነቅቃል፤ እንዳይሰማ የሚወድ ግን ወጥመድ ይዘረጋል፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም።

ቦስተንም ይህን ፈተና ሙሉ በሙሉ አላለፈችም። ወደ 2000 ገደማ ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ጉባኤውም ተቋረጠ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግድያው እንደ ገና ጨመረ። በ2007 ሥራውን እንደ ገና አነሡት። አንዳንድ ሊቃውንት የ1990ዎቹን ለውጥ ያመጣው ይህ ጉባኤ ለመሆኑ ይከራከራሉ፤ በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክን በመሰሉ በሌሎች ከተሞችም ግድያ ቀንሶ ነበርና። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን የምጠይቀው ይጠቅማልን ብቻ ሳይሆን ይገባልን ነው፤ ደግሞም የተቋረጠ ቃል ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። በ1996 በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ታናሽ ወንድም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲያድግ ማንም አልጠራውም። ሽጉጡ ግን አልተቋረጠም። በ2024 በቦስተን በዓመቱ ሁሉ የተገደለው ሰው 24 ነበር፤ 152 የነበረበትን ዓመት የሚያስታውሱ እናቶች ይህን ቍጥር እንዴት እንደሚሰሙት አስባለሁ። ደግሞም ከሃያ አራቱ የአንዱ እናት።

ከተሰጠው ተስፋ ሁሉ ፈጥኖ የሚደክመው የእርዳታው ክፍል ነው። ለማሰር የተዘጋጀ ቤት፥ የተቀጠረ ሰው፥ የተመደበ ገንዘብ አለ፤ ሥራ ለመስጠት ግን እንደ ገና መለመን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቃሉ ሁለት እግር ሲኖረው አንደኛው ሁልጊዜ ያነክሳል። ብትተው እረዳሃለሁ ብሎ የማይረዳ ሹም፥ ብትገድል እይዝሃለሁ ብሎ ከማይዝ ሹም ይልቅ ይበድላል፤ የዚህኛው ሐሰት ክፉውን ያደፋፍራል፥ የዚያኛው ሐሰት ግን ሊመለስ የጀመረውን ይሰብራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጐረምሳ ክፉ ሥራን ለመተው የሚቸገረው ክፋቱን ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ በባልንጀሮቹ ፊት ፈሪ እንዳይባል ነው። ያ የፍርድ ቤት ጉባኤ ለእነዚያ ልጆች የሰጠው ታላቅ ስጦታ ሰበብ ይመስለኛል፤ ፈርቼ አይደለም፥ ከለከሉን እንጂ ለማለት የሚያበቃ። በእኛም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። የእኛ የኔታና የማዶው ጉባኤ የኔታ ተማክረው አንድ ማታ ሁላችንንም በአንድ ሜዳ ሰበሰቡን፤ ከዛሬ ጀምሮ ከሁለቱ ወገን አንድ ሰው ቢመታ ሁለቱም ጉባኤ ይበተናል፥ ቅኔ የጨረሰውም ያልጨረሰውም ወደ አገሩ ይሄዳል አሉን። ዱላችንንም በመካከል ጣልን፤ ማንም ቀድሞ እንዳይጥል በአንድነት። ከእኛ ወገን አንድ ጐበዝ «የኔታ ባይከለክሉኝ ኖሮ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲፎክር ከረመ፤ ማንንም ግን አልመታም። ዱላዎቹ ለማገዶ ዋሉ። ውሻ ስለሚፈራው ነገር የኔታ ራሳቸው ወደ መንደሩ ወርደው በየደጁ ለመኑልን፤ ተማሪ በሚመጣበት ሰዓት ባለቤቶቹ ውሻቸውን እንዲያስሩ። ከሁለት ቤት በቀር ሁሉም አሰሩ።